ሙናር ላይ የቆመው ተማሪ

አባባ ህንድ መሄድ እፈልጋለሁ ያሉ ዕለት እማዬ መጀመሪያ የጠየቀቻቸው «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ብላ ነው። አልፈርድባትም። እኛ ዘንድ ሰው ህንድ የሚሄደው ለሕክምና ነው። አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ተደውሎ «እከሌ ህንድ ሊሄድ ነው» ከተባለ፣ የሰማው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልቡን ነው ወይስ ኩላሊቱን ብሎ ይጠይቃል። አየር ለመቀየር፣ ተራራ ለማየት ብሎ ህንድ የሄደ አበሻ እኔ በበኩሌ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አሁን ሦስት አውቃለሁ፤ አንዷ እኔ ነኝ።

አባባ የእናቴ አባት ናቸው። ሜልበርን ውስጥ፣ ፊትዝሮይ ካሉት ረጃጅም የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እኔና እማዬ ደግሞ ብሬብሩክ ነን። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ የምንበላው እሳቸው ጋ ነው። ያን እሁድ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉና፣ ጨው አቀብዪኝ የሚሉ ያህል ቀለል አድርገው፣ ደቡብ ህንድ ውስጥ ሙናር የሚባል ተራራማ አገር አለ፣ ሳልሞት እዚያ ሄጄ አንድ ሰው ማየት እፈልጋለሁ አሉ። እማዬ የሰማችው «ህንድ» እና «ሳልሞት» የሚሉትን ብቻ ነው። ተነስታ ግንባራቸውን ዳሰሰች።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ተዳረሰ። ማን እንዳወራው እስካሁን አልታወቀም ትላለች እማዬ፤ ያወራችው እሷ ናት። ከታች ፎቅ ያሉት እትዬ በፔርሙስ አጥሚት ይዘው መጡ። ሁለት የአባባ ጓደኞች ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ወለሉን ሲያዩ ቆዩ። አባባ ደህና ነኝ፣ ምንም የለብኝም ቢሉ ማን ይስማቸው።

«ድሮም አንተ ሕመም ትደብቃለህ» አላቸው አንደኛው።

«ጤነኛ ነኝ እኮ ነው የምልህ።»

«አዎ፣ አዎ። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። ያላወቅኸው አንተ ነህ።»

እኔ ኩሽና ውስጥ ፎጣ አፌ ላይ ይዤ ነበር የምስቀው። እንግዶቹ ሲወጡ አባባ እኔንና እማዬን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ጉዳዩን ከሥሩ አጫወቱን። እማዬ እንኳን ልጃቸው ሆና እስከዚያ ቀን ሰምታው አታውቅም።

በእሳቸው ጊዜ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስተምሩት ብዙዎቹ ህንዶች ነበሩ። አባባ በተማሩባት ትንሽ የክፍለ ሀገር ከተማም አንድ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ተማሪዎቹ «ሰር» ነው የሚሏቸው። ሰር ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ጎበዝ ሆነው ረዳት የሌላቸውን አራት አምስት ልጆች ቤታቸው በረንዳ ላይ ሰብስበው ጂኦሜትሪ ያስተምሩ ነበር። አባባ አንዱ ነበሩ። በእረፍት ሰዓት ሰር ስለ አገራቸው ያወሩላቸዋል፦ ተራራው ከላይ እስከ ታች በሻይ ተክል እንደ ተበጠረ ጸጉር የተሰመረ ነው፣ ጉሙ በር ሳያንኳኳ ቤት ይገባል።

ታዲያ አባባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆነው፣ ማትሪክ ሊፈተኑ ሁለት ወር ሲቀራቸው፣ አንድ ዝናባማ ቀን ሰር ዘገዩ። ጠዋት የረሱት ዣንጥላ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። አባባ ከኋላ ወንበር ተነስተው ዣንጥላውን አነሱ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሙና ሰርን ሆኑ። አነጋገራቸውን፣ የጭንቅላታቸውን ውዝዋዜ፣ ጠመኔ የነካ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ የሚጠርጉበትን ሁኔታ፣ ሁሉንም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በኋላ ሳቁ እንደ መብራት ድርግም አለ። ሰር በሩ ላይ ቆመዋል።

«አልመቱኝም። አልተቆጡኝም» አሉን አባባ። «ዣንጥላውን ከእጄ ተቀበሉኝና ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመሩ። እኔ እዚያው ቆምኩ። ክፍለ ጊዜው ሙሉ ቆምኩ። ደወሉ ሲደወል ወጡ።»

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ አባባ አፍረው ቀሩ። ሰር የትምህርት ቤቱን ዘበኛ እነ አባባ ቤት ድረስ ልከው የቅዳሜ ትምህርት አልተሰረዘም አሏቸው። አባባ ሄዱ። እስከ ፈተናው ድረስ ሄዱ። ስለዚያ ቀን ግን ሰርም አላነሱ፣ አባባም አላነሱ። ከፈተናው በኋላ የሰር ኮንትራት አልቆ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ተማሪው ሁሉ አውቶቡስ ተራ ወጥቶ ሸኛቸው። አባባ ቤት ተደበቁ።

«ይቅርታም አላልኩ፣ አመሰግናለሁም አላልኩ» አሉ። «ሁለቱንም ጉሮሮዬ ላይ ይዤ ይኸው አረጀሁ።»

እማዬ ፔርሙሱን ከፍታ ለአባባ የመጣውን አጥሚት ራሷ ጠጣችው። በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ነው የነገረችኝ፦ አባባ በዚያ ሒሳብ መሬት ቀያሽ ሆኑ፤ ቤተሰቡን ይዘው በእግር ወደ ሱዳን ሲወጡ የትኛው ሸለቆ ወዴት እንደሚያወጣ ያነበቡት እሳቸው ናቸው፤ እሷም ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ሆና ትከሻቸው ላይ ነበረች። እና በማግስቱ ሰርን መፈለግ ጀመረች።

እማዬ የምትሠራው ያራቪል አካባቢ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ከእሷ ጋር ሺፍት የምትጋራ ከደቡብ ህንድ የመጣች ባልደረባ አለቻት። አባባ የሚያውቁት የሰርን ስምና ሙናርን ብቻ ነው፤ በተረፈ ሰር «ከሻይ ፋብሪካው በላይ ያለ ቤት» ብለው ነበር ይላሉ። ባልደረባዋ ይህንኑ በቤተሰቦቿ የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። እኔ አልጠበቅኩም ነበር፤ እነሱ ግን እንደኛ ናቸው፣ አክስት የአጎት ልጅን ታውቃለች፣ የአጎት ልጅ ጎረቤቱን። በሁለት ሳምንት አንዲት ሴት መልስ ላከች። አባቴ ሊሆን ይችላል፣ ኢትዮጵያ አስተምሯል፣ አለች። ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ትንሽ ነው የሚሰማው፣ ከወራት ወዲህ ብዙም አይናገርም፣ ሰው የሚያውቅበትም የማያውቅበትም ቀን አለ። ብትመጡ ደስ ይለናል።

«ሊሆን ይችላል» የምትለዋን ነገር እኔ ደጋግሜ አነበብኳት። ኢትዮጵያ ያስተማረ ህንድ አንድ ብቻ አይደለም። ቢሆኑስ፣ አባባን ካላወቋቸው? አባባ ግን ወዲያው ሻንጣ ማውረድ ጀመሩ። እማዬ ለሦስታችንም ቲኬት ቡክ አደረገች፤ ለክረምቱ የትምህርት ቤት እረፍት፣ የሰኔ ጾም ላይ።

ከመሄዳችን በፊት አባባ አንድ ሥራ ሰጡኝ። ለሰር የሚሉትን እኔ እንድጽፍላቸው። አማርኛ መጻፍ የለመድኩት በቅርቡ ነው፤ ስለዚህ እኔን መምረጣቸው ደረቴን አስነፋኝ። እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ እገለብጠዋለሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት ሁለት ገጽ ነበር፤ «የማይጠፋ ብርሃን» የሚል ነገር ሁሉ ነበረበት።

«አታሳምሪው» አሉኝ። «ይቅርታ ሲያጌጥ ውሸት ይመስላል።»

ግማሽ ገጽ ቀረ። ተናድጄ ነበር፣ አሁን ግን ሳስበው ስለ መጻፍ የሰማሁት ምርጥ ምክር እሱ ነው።

ኮቺ ከተማ ከአውሮፕላን ስንወርድ ዝናቡ ከላይ፣ ሙቀቱ ከታች ተቀበለን። ከዚያ ሙናር በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ነው። ሾፌራችን ጢማቸው ወደ ላይ የተጠቀለለ፣ በአገራቸው ውበት የሚኮሩ ሰው ነበሩ። መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ጉሙ ወረደ፤ ወረደ ብቻ ሳይሆን ቀረ። ሾፌሩ ግን አልተበገሩም። በየዕይታ ቦታው መኪናውን አቁመው ያወርዱናል። እኛ የብረት አጥሩን ይዘን ነጭ ነገር እናያለን። እሳቸው በእጃቸው አየሩ ላይ ይስሉልናል፦ እዚህ ጋ ትልቅ ተራራ አለ፤ እዚህ ፏፏቴ፤ እዚያ ማዶ አንዳንዴ ዝሆን ይቆማል። አባባ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እማዬ ሁሉንም ፎቶ ታነሳለች። ሜልበርን ስንመለስ ሰው «እስቲ ሙናርን አሳዪን» ሲለኝ የእማዬን ስልክ እሰጣለሁ፤ ሠላሳ ፎቶ፣ ሁሉም ነጭ፣ አንዱ ላይ የአባባ ጆሮ አለ።

እንዲህ ይባላል እንጂ ደስ የሚል ነገር አላጣንም። ጉሙ ለአፍታ ሲሳሳ ከመንገዱ ዳር ያለው የሻይ ተክል ብቅ ይላል፤ ከወገብ በታች፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዝናብ የጠጣ አረንጓዴ። ሽታው ጠዋት እንደታጨደ ሣር ነው። ምግቡ ደግሞ በኮኮናት የሚሠራ ስለሆነ ለጾማችን ተስማማን። አባባ በሙዝ ቅጠል ላይ የቀረበላቸውን ሩዝ በእጃቸው ሲበሉ ያየ አስተናጋጅ ሹካ ሊያመጣ የሄደውን ጓደኛውን መልሶ ጠራው። አባባ ይህን እንደ ክብር ቆጠሩት።

ቤቱ እውነትም ከሻይ ፋብሪካ በላይ ነበር። ቀይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ በረንዳው ላይ አበባ በቀለም ጣሳ የተተከለበት ትንሽ ቤት። ሾፌሩ ሻንጣችንን በረንዳው ላይ አስቀምጠው ወረዱ። ለሰር ያመጣነው ስጦታ ጋቢ ነው፤ ጋቢው ያለበት ከረጢት ውስጥ እማዬ ለመንገድ የያዘችው ሙዝ ነበር። በሩን ሳናንኳኳ አንዲት ጦጣ ከጣሪያው ወርዳ ከረጢቱን በአንድ እጇ ያዘች። እማዬ ጮኸች። በሩ ተከፈተና በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት መጥረጊያ ይዛ ወጣች።

«ውጣ!» አለቻት ጦጣዋን። «ውጣ! ውጣ!»

ጦጣዋ ከረጢቱን ለቃ ጣሪያው ላይ ወጣች። እኛ ሦስታችን ግን አማርኛውን ሰምተን ደርቀን ቀረን። ሴትዮዋ መጥረጊያውን ከጀርባዋ ደብቃ ይቅርታ ትጠይቀናለች። አባባ ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት።

«ቤቱ ይኸው ነው» አሉ።

የሰር ልጅ ናት፤ እኔን አንቲ በይኝ አለችኝ። ያን ቃል ከየት እንዳመጣችው ስንጠይቃት ግራ ገባት። እሷ ከተወለደች ጀምሮ አባቷ ጦጣ የሚያባርሩት እንደዚያ ብለው ነው፤ ጎረቤቶቹም ከእነሱ ለምደው እንደዚያው ያባርራሉ፤ ቃሉ የአባቷ ፈጠራ ይመስላት ነበር። ለውሻው ደግሞ ሌላ አላቸው፤ ሲጮህ «ዝም በል»። እማዬ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አንድ የህንድ አስተማሪ ከኢትዮጵያ ይዞት የሚሄደው አማርኛ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ክፍል ውስጥ በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ስለዚህ ቤቱስ ተገኘ። የቀረው ሰር ናቸው።

መስኮቱ አጠገብ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የሱፍ ኮፍያ አድርገዋል፣ ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ቀጭን ናቸው፣ ጺማቸው በንጽሕና ተላጭቷል። ዓይናቸው ጉሙ ላይ ነበር። አባባ ከበሩ ሦስት እርምጃ ገብተው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ እጃቸውን ወደ ታች አደረጉ።

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ሰር።»

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነው። ሰር ዘወር አሉ። አዩዋቸው። ተመልሰው ጉሙን አዩ።

አንቲ ወንበር አቀረበች። አባባ አመስግነው አልተቀመጡም። የማይመች መስሏት ሌላ፣ ትራስ ያለው አመጣች። እማዬም ሶፋው ላይ ቦታ ለቀቀች። አባባ እንደ ምሰሶ ቆመዋል። ከዚያ እኔን አዩኝና፣ አንቲ እንዳትቀየም ንገሪያት ብለው፣ አስተማሪ ቁጭ በል ሳይል ተማሪ እንደማይቀመጥ አስረዱኝ። ነገርኳት። እሷም በትሕትና፣ አባቷ ዛሬ ላይናገር እንደሚችል ነገረችኝ። ያንንም ለአባባ ነገርኩ። ምንም አልመሰላቸውም።

«አባዬ፣ ጉልበትዎ እኮ...» አለች እማዬ።

«ዝም በይ። ክፍል ውስጥ ነኝ።»

ሻይ መጣ፤ ጾም መሆናችንን ስለነገርናት ያለ ወተት አፍልታዋለች። ሦስት ብርጭቆ ተጠጣ፣ አንዱ ጠረጴዛው ላይ በረደ። አባባ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። መነጽራቸው በጉሙ እርጥበት ደብዝዞ ነበር፤ ጠረጉት፣ አደረጉት። «ሰር» አሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እኔ ተነስቼ ላንብብልዎት ስላቸው ወረቀቱን አጥፈው መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። «እኔው ነኝ የምለው» አሉ። ግን አላሉም። ጉሙ በተከፈተው በር ገብቶ የመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር ተኝቷል። ያን ሁሉ አገር አቋርጠን መጥተን፣ እንዲሁ ቆመው ሊመለሱ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንባዬ መጣ፤ እንዳይታይብኝ ብርጭቆዬን ውስጡ ምንም ሳይኖር ጠጣሁ።

አንቲ በመጨረሻ ወደ እማዬ ጠጋ ብላ፣ ምንድን ነው የሚፈልጉት ብላ ጠየቀቻት። እማዬም በሹክሹክታ ነገረቻት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን፣ ዝናቡን፣ ዣንጥላውን። ዣንጥላው ላይ ስትደርስ አንቲ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«የዣንጥላው ልጅ?» አለች። «የዣንጥላው ልጅ እሳቸው ናቸው?»

ታሪኩን ከእኛ በላይ ታውቀዋለች። አባቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ በበዓል፣ በሠርግ፣ ሲለምኗቸው የሚያወሩት እሱን ነበር። እሳቸው በሚያወሩት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዘግይተው በኮሪደሩ ሲሮጡ ከክፍላቸው የራሳቸውን ድምፅ ሰሙ። ክፍሌን ማን እያስተማረልኝ ነው ብለው ደነገጡ። ከዚያ በሩ ጥግ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከአገራቸው ከወጡ ሦስት ዓመታቸው ነበር፤ በዚያች ከተማ እንደ እሳቸው የሚናገር አንድ ሰው አልነበረም። ወንድሜ ክፍሉ ውስጥ ያለ መሰለኝ ይሉ ነበር። ሲገቡ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው ያዞሩት ሳቃቸው ስለመጣ ነው፤ ተማሪው ሲስቁ ካያቸው ከዚያ ወዲያ ክፍሉ አይገዛላቸውም። ሳቃቸው አልበርድ ሲላቸው ሰሌዳውን ሞሉት፣ አጠፉት፣ ደግመው ሞሉት፣ እስኪደወል።

«መጨረሻውን ሲያወራ ግን አይስቅም» አለች አንቲ። «ልጁን ቁጭ በል ማለት ረሳሁ ይላል። እናቴ ደግሞ ታበሽቀው ነበር፤ እስካሁን ቆሞ ይሆናላ ትለዋለች።»

አባባ እንግሊዝኛው ገብቷቸዋል፣ መተርጎም አላስፈለገም። አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተሸከሙት ነገር እዚህ ቤት ውስጥ የበዓል ጨዋታ ነበር።

አንቲ አባቷ አጠገብ ተንበርክካ ጆሯቸው ውስጥ በቋንቋቸው ጮክ ብላ ተናገረች። ረዘም ያለ ነበር። ሰር ቀስ ብለው ዞሩ። አባባን ከእግራቸው ጀምረው እስከ ራሳቸው አዩ። ከዚያ ከዘራውን ከጉልበታቸው አንስተው ዘረጉላቸው።

«አሳየኝ» አሉ በእንግሊዝኛ። ከገባን ጀምሮ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

አባባ ከዘራውን ተቀበሉ። እማዬን አዩ፣ እኔን አዩ። ሰባ ሊሞላቸው ምንም ያልቀራቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሁሉ ተነስቶ ወንበር የሚለቅላቸው አያቴ፣ ከዘራውን ቀኝ ክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉ፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ መስተዋቱን ሰሌዳ አደረጉትና ጀመሩ። ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። ራሳቸውን ወዲህና ወዲያ ወዘወዙ። «ሲምፕል» አሉ፣ «ቬሪ ሲምፕል»፤ ቃሉ አፋቸው ውስጥ ተንከባሎ ነው የሚወጣው። የማላውቃቸው ሰው ነበሩ። ጉም ላይ ሦስት ማዕዘን ሳሉ።

«ኖ» አሉ ሰር።

አባባ ቆሙ።

«ዣንጥላ በግራ እጅ።» የራሳቸውን የግራ ክንድ፣ የተጨማደደ ቀጭን ክንዳቸውን አነሱ። «በቀኝ እጅ ጠመኔ። በግራ ዣንጥላ።»

አባባ ከዘራውን ወደ ግራ ክንዳቸው አዘዋወሩና ከመጀመሪያው ጀመሩ። በዚህኛው ጊዜ የሰር ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ብርድ መስሎኝ ጋቢውን ላነሳ ነበር። ሳቅ ነው። ድምፅ የሌለው፣ ከውስጥ የሚመጣ፣ ዓይናቸውን ያስለቀሰ ሳቅ፤ በዚህ ጊዜ ፊታቸውን የሚያዞሩበት ሰሌዳ የለም። አንቲ አፏን በሳሪዋ ጫፍ ሸፈነች። እማዬ በግልጽ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ሁለቱንም።

ሰር ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ በእጃቸው ወደ ወንበሩ አመለከቱ።

«ቁጭ በል» አሉ። በአማርኛ።

አባባ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሲተጣጠፍ የወጣውን ድምፅ ከሶፋው ሰማሁት። «ይቅርታ፣ ሰር» አሉ፤ «አመሰግናለሁ፣ ሰር»። በቃ ይኼው ነው፤ ከጻፍኩት ግማሽ ገጽ ውስጥ የተጠቀሙበት እነዚህን ነው፣ እነሱንም በአማርኛ። ሰር የገባቸው ይመስለኛል። እጃቸውን እንደ ዝንብ ማባረር ወዝወዝ አደረጉት። እሳቸውን ያሳሰባቸው ሌላ ነው። የማትሪክ ውጤት ሳይመጣ ነበር አገራቸው የገቡት።

«ስንት አመጣህ?» አሉ።

«ሒሳብ ኤ፣ ሰር» አሉ አባባ፣ ጀርባቸውን ቀና አድርገው። «ፊዚክስ ቢ።»

«ፊዚክስ ለምን ቢ?»

«አስተማሪው ሌላ ነበሩ፣ ሰር።»

ሰር ይህን በቂ ምክንያት አድርገው ተቀበሉት። እማዬ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ደረበችላቸው፤ ጫፉን ይዘው ጥበቡን በጣታቸው ዳበሱት። ያን ሰዓት ስንቱን እንዳመሰገንኩ ልቆጥረው አልችልም፦ ያንን ዘበኛ፣ የእማዬን ባልደረባ፣ የማላውቃቸውን የዋትሳፕ አክስቶች፣ ጦጣዋን ሳይቀር። ጉሙንም። ተራራው ቢታይ ኖሮ ስልኬን ይዤ በረንዳ ላይ እገኝ ነበር፤ የሚታይ ነገር ስላልነበረ ነው ክፍሉ ውስጥ የተቀመጥኩት።

ሰር ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ የተኙ መሰለን። አንቲ ብርጭቆዎቹን ልታነሳ ስትል ገለጡትና «ሌሎቹስ?» አሉ።

አባባ ገባቸው። ከፊተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ በኩል ጀመሩ። አንድ ስም ይጠራሉ፣ ሰር ጣታቸውን አየሩ ላይ ወንበሩ በነበረበት ቦታ ያስቀምጣሉ። ይኼ ሐኪም ሆነ፣ ሰር። ይኼ ካናዳ ነው፣ አምስት ልጆች አሉት። ይኼኛው እስካሁን እዚያው ከተማ ሱቅ አለው። አራተኛው ስም ላይ እማዬ እጄን ያዘች። ስሙን ታውቀዋለች፤ እኔም አውቀዋለሁ። አባባ በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ሻማ ከሚያበሩላቸው፣ በዚያ በክፉው ዘመን በየመንገዱ ከቀሩት ልጆች አንዱ ነው።

«ደህና ነው፣ ሰር» አሉ አባባ።

ቀጥሎ ያለውንም እናውቀዋለን። «እሱም ደህና ነው።»

ሰር ራሳቸውን ወዘወዙ፤ ጣታቸውን ወደ ሁለተኛው ረድፍ አሻገሩና ጠበቁ።